አሮጌ ሻንሲ፥ አዲስ ቦዲ
(ስለ መኪና አካል ሥራ ታሪክ በራዲዮ ከተደረገው ንግግር)



መኪና ከውጭ ሲያዩት አንድ ነገር ይመስላል፤ የእጅ ባለሙያ ግን ሁለት አድርጎ ያየዋል። አንደኛው ሻንሲ ነው፤ ይኸውም ሞተሩን፥ ካምቢዮውን፥ ባሌስትራውንና ጎማውን ይዞ የሚሸከመው ብረት ነው። ሁለተኛው ቦዲ ነው፤ ይኸውም ተሳፋሪው የሚቀመጥበት፥ ዝናብና ፀሐይን የሚከለክል፥ የተመልካችም ዓይን የሚያርፍበት ክፍል ነው። በሰው አካል ብንመስለው ሻንሲው አጥንት፥ ቦዲው ሥጋና ልብስ ነው። ልብስ ያረጃል፥ ይቀየራልም፤ አጥንት ግን ከተሰበረ ጠጋኙ ጥቂት ነው።

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው አሮጌውን ሻንሲ ይዞ በላዩ አዲስ ቦዲ ስለ መሥራት ታሪክ ነው። ይህ ሥራ በሌላው ዓለም ከፋይበር ግላስ በሚወጣ ገላ የቆዩ ዝነኛ መኪናዎችን መልክ እስከ መምሰል ደርሷል፤ በዚያ አገር ለብዙዎች የዕረፍት ቀን መዝናኛ ነው። በእኛ አገር ግን ነገሩ መዝናኛ ሳይሆን እንጀራ ነው። በየማለዳው ከሰበታ በጅማ መንገድ፥ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ የሚገሠግሠው ሠራተኛ፥ ብዙ ጊዜ የሚሳፈርበት ቅጥቅጥ የተባለው መኪና የዚሁ ሥራ ልጅ ነውና። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ውስጥ ቢጠቃለሉም፥ ወደ ዋና ከተማው የሚያገባው መንገዳቸው ያው የጥንቱ መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚመላለሰውም ሕዝብ ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሄዷል።

እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። አውቶሞቢል በተፈለሰፈ ጊዜ ሞተሩን የሚሠራውና አካሉን የሚሠራው ሰው የተለያዩ ነበሩ። የሞተር ፋብሪካው ሻንሲውን ከነሞተሩ ራቁቱን ያወጣዋል፤ ገዢውም ወስዶ ቀድሞ የፈረስ ሠረገላ ይሠራ ለነበረው ባለሙያ ይሰጠዋል። ባለሙያውም እንጨቱን አግጦ፥ ላሜራውን ቀጥቅጦ፥ ቆዳውን ሰፍቶ እንደ ገዢው ፈቃድ አካሉን ያበጃል። በዓለም ሁሉ የታወቀው የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ እንኳ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ይሸጥ የነበረው ሻንሲና ሞተር ነበር፤ አካሉን የሚያለብሱት ሌሎች ነበሩ። በአሜሪካም ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ያመረተው ሞዴል ቲ የተባለው መኪና ሲያረጅ፥ ገበሬው ቦዲውን አውልቆ የጭነት መኪና፥ አንዳንዱም ማረሻ ጎታች ያደርገው ነበር። ስለዚህ አሮጌ ሻንሲን አዲስ አካል ማልበስ ከመኪና ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ ብልኀት ነው እንጂ የድኻ አገር ፈጠራ ብቻ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከመኪናው በፊት የመጣው የመንገድ አሳብ ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ በዛሬዋ ቡራዩ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፥ በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት የአገራችን መንገዶች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰውን ከባድ መኪና ለንጉሠ ነገሥቱ አምጥቶ ነበርና፥ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰየመው። ሐዲድ የሌለውን ነገር ባቡር ማለት ዛሬ ያስገርም ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ግን በእሳትና በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ ሁሉ ባቡር ነበር። አውቶሞቢል የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ በበረሓውና በአቀበቱ እያታገለ አዲስ አበባ አገባ፤ በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ በጀርመን አገር የተሠራ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ምኒልክም ለአዲስ ነገር ሁሉ ልባቸው ክፍት ነበርና በመኪናው ተቀምጠው ዞሩበት።

ይሁን እንጂ መኪና በአገራችን ብዙ እጅ የነካው፥ ባለሙያም ያፈራው፥ ኢጣልያኖች አገራችንን በኃይል በያዙበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማጓጓዝ ፊያትና ላንቺያ የተባሉትን የጭነት መኪናዎች በብዛት አስገባ። ከእነዚህም ውስጥ ፊያት 634 የተባለው «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ ስሙ እስከ ብዙ ዘመን ድረስ በሾፌሮች አፍ ቀርቷል፤ ትርጓሜውም በኢጣልያንኛ «ሠላሳ አራት» ማለት ነው። ወራሪው በአርበኞቻችን ተጋድሎና በአጋሮቻችን እርዳታ ሲባረር ሰውየው ሄደ፥ መኪናው ቀረ። የጦር ዕቃ የነበረው ትሬንታ ኳትሮም ጤፍና ቡና፥ ጨውና ጨርቅ፥ በላዩም ሰው የሚጭን የሰላም መኪና ሆነ።

ከመኪናውም ጋር ቋንቋው ቀረ። የጋራዥ ሠራተኛ በቀን ውስጥ የሚናገራቸውን ቃላት ብናስተውል የታሪክ መዝገብ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ላሜራ፥ ቱቦላሬ እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በቋንቋው ሻማ ማለት ነው፤ በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭር ስለ ሆነ ስሙ ተስማማው። ባሌስትራ ደግሞ በጥንት ዘመን ወታደር ፍላጻ ይወረውርበት የነበረው የብረት ቀስት ስም ነው፤ ከመኪናው ሥር ተደራርቦ ተለምጦ የሚታየው ብረት ቀስት ይመስላልና ስሙን ወረሰ። ሻንሲና ጋራዥ ግን የፈረንሳይኛ ልጆች ናቸው። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ያለነውም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለንም፤ ለመኪና የምንሰጠው ሊብሬ ትንሽ መጽሐፍ፥ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎም ማኅተም ማለት ነው፤ ሁለቱም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ቋንቋውን የተቀበለው ሠራተኛ ግን የተበደረው ቃሉን ብቻ ነበር፤ ብልኀቱን በገዛ እጁ አሰፋው።

ይህ መስፋፋት እንዴት እንደ ሆነ ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ።

አንደኛው ጋሪ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያና በየአውራጃው ከተሞች በፈረስ የሚሳበውን ጋሪ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፥ ከሥሩ ከአሮጌ መኪና የተፈታ አክሰልና ባለ ነፋስ ጎማ ያገኛል። ሞተሩ የሞተ መኪና አጥንቱን ለፈረስ አወረሰ ማለት ነው። በመጨረሻ ባጃጅ መጥቶ ጋሪውን ከብዙ ከተሞች እስኪያስወጣው ድረስ ይህ የአናጢና የብረት ሠራተኛ የጋራ ሥራ ብዙ ሕዝብ አገልግሏል።

ሁለተኛው ውይይት የተባለው ታክሲ ነው። ይህ መኪና መነሻው ትንሽ የዕቃ መጫኛ ፒክ አፕ ነበር። የአገራችን ባለሙያዎች በኋላው ላይ ጣራ አቆሙለት፥ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ዘረጉለት፥ ከኋላ መውጫ አበጁለት። ተሳፋሪዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ፥ በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ይደረግ ከነበረው የውይይት ስብሰባ ጋር ተመሳስሎ «ውይይት» ተባለ። የሕዝብ ቀልድ አንዳንድ ጊዜ ከመዝገብ ይልቅ ታሪክን ይጠብቃል።

ሦስተኛውና ዛሬ ዋና የሆነው ቅጥቅጥ ነው። ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ማለት ነው። የጃፓኑ አይሱዙ ፋብሪካ ለጭነት ብሎ የሠራውን ቀላል የጭነት መኪና ባለሙያው ይቀበላል። የጭነቱን ሣጥን ያነሣል፤ ሻንሲውን ራቁቱን ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ቱቦላሬውን እየቆረጠ በብየዳ የጎድን አጥንት ያቆምለታል፤ በጎድን አጥንቱ ላይ ላሜራ ያለብሰዋል፤ ወልገድ ያለውን በስቱኮ ይሞላል፥ በብርጭቆ ወረቀት ያለዝባል፥ ቀለም ይቀባል፤ መስኮትና ወንበር ይገጥማል። እህል ይጭን ዘንድ የተወለደው መኪና ሰው ጭኖ ከጋራዥ ይወጣል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ በተግባረ እድ ትምህርት ቤት፥ አብዛኞቹ ግን ከጌቶቻቸው እግር ሥር ሆነው እጃቸውን እያቃጠሉ የተማሩ ናቸው።

አሁን ደግሞ በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ወዴት እንደ ደረሰ እንመልከት፤ በዚያ በኩል የላሜራውን ቦታ የወሰደው ፋይበር ግላስ ነውና።

ፋይበር ግላስ ማለት የመስተዋት ክር ማለት ነው። መስተዋት በእሳት ቀልጦ ከፀጉር ይልቅ ቀጥኖ ይሳባል፤ ክሩም እንደ ጨርቅ ይሸመናል፥ ወይም እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ይህ ጨርቅ ለብቻው ልፍስፍስ ነው። ነገር ግን ሙጫ የሚመስል ፈሳሽ ከማጠንከሪያ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ሲጠጣው፥ ጥቂት ቆይቶ ከራሱ ሙቀት አውጥቶ ይደርቃል፤ ከደረቀም በኋላ ቀላል፥ ጠንካራና ዝገት የማያውቅ ገላ ይሆናል። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በዚህ ዕቃ ላይ ቃል በቃል ተፈጽሟል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገውን መልክ የያዘ ምሳሌ ከእንጨትና ከጄሶ ይሠራል፤ ወይም የቆየ መኪና እንደ ምሳሌ ይወሰዳል። በምሳሌው ላይ ሰም ይቀባና ፋይበር ግላስ ይለበጣል፤ ሲደርቅ ከምሳሌው ይላቀቃል፤ ይህ ቅርጽ ማውጫ ይባላል። ከቅርጽ ማውጫው ውስጥ ደግሞ እንደ ገና ሰም ተቀብቶ፥ መጀመሪያ የላዩ ቀለም፥ ከዚያም ጨርቁ በደርብ በደርቡ እየተነጠፈ ነፋሱ በመዳመጫ እየወጣ አዲሱ ገላ ይወለዳል። በመካከሉ ነፋስ ከቀረ ገላው በዚያ ቦታ ይሰነጠቃል። ከአንዱ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ገላ ማውጣት ስለሚቻል፥ እንደ ላሜራ እያንዳንዱን እንደ አዲስ መቀጥቀጥ አያስፈልግም። ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው።

በካሊፎርንያ አገር የጀልባ ሠሪ የነበረው ቢል ትሪት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 ገደማ፥ ለአንድ የጦር መኮንን ከዊሊስ ጂፕ በተወሰደ ሻንሲ ላይ የፋይበር ግላስ ገላ ገጠመለት። ለጦር ሜዳ የተበጀው አጥንት የሽርሽር መኪና ልብስ ለበሰ። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት የተባለውን መኪና በፋይበር ግላስ ገላ ሠርቶ አወጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተሠራውም 300 ብቻ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የግዥ ግብር ለነገሩ መነሻ ሆነ። የተሟላ መኪና የሚገዛ ሰው ከባድ ግብር ይከፍል ነበር፤ በክፍል በክፍሉ የተሸጠውን ዕቃ ገዝቶ ራሱ ለሚገጥም ግን ግብሩ አልነበረበትም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አሮጌውን ኦስቲን ሰባት ወይም ፎርድ ገዝተው፥ የበሰበሰውን ቦዲ ጥለው፥ በሻንሲው ላይ የፋይበር ግላስ ገላ ያለብሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ በግዥ ግብሩ ቦታ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ። አንዲት የግብር አንቀጽ አንድ ሙያ ስታበለጽግ፥ ሌላዪቱ ደግሞ ስታቀዘቅዝ የሚታይበት ታሪክ ስለ ሆነ፥ ደንብ ለሚጽፍ ሰው ትምህርት አለው።

ለዚህ ሥራ ግን ከሁሉ ይልቅ የተመቸው አጥንት የቮልስ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ በጀርመን አገር የነደፈው፥ ከጦርነቱም በኋላ በቮልፍስቡርግ በብዛት የተመረተው ይህ መኪና፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በአዲስ አበባም ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያልነዳው ወይም ያልገፋው ሰው ጥቂት ነው። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። ብሎኑ ሲፈታ ቦዲው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ወለሉ፥ ሞተሩ፥ መሪውና ጎማው ግን እንደ ጠረጴዛ ተዘርግተው ይቀራሉ። በዚህ ላይ አዲስ ገላ ማስቀመጥ ለእጅ ባለሙያ የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ይህን ማዕድ አስቀድሞ ያየው ብሩስ ማየርስ የተባለው የካሊፎርንያ ሰው ነው። እርሱም ጀልባ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ለአሸዋና ለባሕር ዳር የሚሆን ማየርስ ማንክስ የተባለ ትንሽ ክፍት መኪና ሠራ፤ ቀጥሎም የቮልስን ወለል ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ቆርጦ አሳጥሮ ገላውን በላዩ የሚገጥሙበትን ዕቃ ይሸጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1967 በሜክሲኮ የባሐ ካሊፎርንያ በረሓ መኪናው ከ35 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጠረፍ እስከ ጠረፍ ሲያቋርጥ ስሙ በዓለም ተሰማ። ዝናው ግን ጠላት አመጣበት። ፋይበር ግላስ ቅርጽ ለመቅዳት እጅግ የቀለለ ነውና፥ አንዱን ገላ የገዛ ሁሉ ሰም ቀብቶ የራሱን ቅርጽ ማውጫ አወጣበት። ማየርስ ፍርድ ቤት ቢሄድም አልተሳካለትም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ድርጅቱ ተዘጋ። ከዚያም በኋላ ሌሎች በዚያው ወለል ላይ የጥንቱን ፖርሼ 356፥ ሌላም ሌላም ዝነኛ መኪና የሚመስል ገላ እያወጡ የምስል መኪና ገበያ አስፋፉ። ፖርሼ 356 ራሱ ከቮልስ ዘር የመጣ ስለ ሆነ፥ የልጁን ልብስ ለወላጁ ማልበስ ያህል ነበር።

እንግዲህ የካሊፎርንያውን ሠሪና የእኛን ቀጥቃጭ አጠገብ ለአጠገብ ብናቆማቸው ምን እናያለን? ሁለቱም ሌላ ሰው የሠራውን አጥንት ተቀብለው በላዩ የራሳቸውን አሳብ አቁመዋል። ልዩነታቸው በሁለት ነገር ነው። የዚያኛው መኪና በትርፍ ገንዘብ የተሠራ ነውና ሁለት ሰው ይዞ በበዓል ቀን ይወጣል፤ የእኛው ግን በሥራ ቀን ሁሉ ሞልቶ ተርፎ ይሄዳል። ሁለተኛ፥ በዚያኛው አገር የገላው ቅርጽ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይደጋገማል፤ በእኛ አገር ግን እያንዳንዱ ቅጥቅጥ በመዶሻና በዓይን ልክ ለየብቻው ይወለዳል። ስለዚህ የአንዱ ጥንካሬ ለሌላው ምስክር አይሆንም። የአውቶቡስ ፊትና ኋላ ከፋይበር ግላስ ማውጣት በዓለም የተለመደ ስለ ሆነ፥ የእኛም ባለሙያ በዚህ ቢሰለጥን ላሜራውን ከመቀጥቀጥ ድካም ይድናል፥ መኪናውም ይቀልላል።

ነገር ግን ይህን ስናወድስ ሊሸሸግ የማይገባው አንድ ቁም ነገር አለ። አዲስ ልብስ የአጥንትን በሽታ ይሸፍናል። ከሱሉልታ ተነሥቶ በእንጦጦ ራስጌ አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ ሁላችን እናውቀዋለን። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞልቶ የተጫነ ቅጥቅጥ ሲወርድ፥ የተሳፋሪው ሕይወት የተንጠለጠለው በሚያብረቀርቀው ቀለም ላይ ሳይሆን በፍሬኑ፥ በባሌስትራውና በሻንሲው ላይ ነው። ለጭነት የተሠራ ሻንሲ ለሰው ሲሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ሣጥን የተጫነበት መኪና ዝቅ ብሎ ይጫናል፤ ጣራ የተሠራለትና ፖርቶመጋላ የተጫነበት ግን ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመታጠፊያ ላይም ለመገልበጥ ይቀርባል። ሻንሲው ከኋላ ከተረዘመ ደግሞ የተበየደበት ቦታ እንደ ተጠገነ አጥንት ነው፤ በብልኀት ከተበየደ ይጸናል፥ በችኮላ ከተበየደ ከዓመታት በኋላ ሥንጥቁ ይታያል።

ስለዚህ በሌላው ዓለም የፋይበር ግላስ ሠሪዎች ለጀማሪ የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ገላው ሳይሆን ስለ አጥንቱ ነው። ቦዲው ከመገጠሙ በፊት ሻንሲው ከጭቃና ከዘይት ይታጠባል፤ ዝገቱ በመዶሻ እየተኳኳ ይመረመራል፤ ማዕዘን ለማዕዘን በመለኪያ ይለካል፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተጣሟል። የፍሬን ቧንቧዎች ሁሉ ይቀየራሉ። ሌላም ብልኀት አለ፤ በላሜራ መኪና ብረቱ ራሱ የኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ ነው፤ ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ለእያንዳንዱ መብራት የተለየ መመለሻ ሽቦ ካልተዘረጋለት መብራቱ አይበራም። በግጭትም ጊዜ ላሜራ ይጨማደዳል፥ ፋይበር ግላስ ግን ይሰበራል፤ ስለዚህ ተሳፋሪውን የሚጠብቅ የብረት ክፈፍ ከሥሩ ያስፈልገዋል። ባለሙያው እነዚህን ካወቀ ሥራው ጥበብ ነው፤ ካላወቀ ግን የሚያምር አደጋ ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን አልዘነጋም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሚለይበት፥ የሚመረመርበትና የሚመዘገብበት ሥርዐት አቁሟል። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀለም ይለወጣል፥ ቦዲ ይለወጣል፥ ባለቤትም ይለወጣል፤ መኪናው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በአጥንቱ ነው። እንግዲህ ያንን ቁጥር ከሻንሲው ላይ የሚያነብ መርማሪ ወረቀቱን ለማሟላት ብቻ ሳይሆን አጥንቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ይገባዋል። ቦሎ የሚለጠፈው በመስተዋት ላይ ነው፤ ምርመራው ግን ከመኪናው ሥር ነው።

ነገሩ ከዛሬ ይልቅ ለነገ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በመንግሥት ተነገረ፤ አገሪቱም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እንድታዘነብል ተደረገ። ይህ ማለት በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ፥ ቮልሱም፥ ፊያቱም፥ ላዳውም፥ ከአሮጌ ብረትነት ወደ ሀብትነት ተሻግሯል ማለት ነው። አሮጌው ሞተር ወጥቶ በምትኩ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ፥ የበሰበሰው ቦዲ ወርዶ በምትኩ የፋይበር ግላስ ገላ መግጠም በዓለም የተፈተነ ነገር ነው። በተለይ ባትሪ ከባድ ስለ ሆነ፥ ቀላል ገላ ማግኘት ለኤሌክትሪክ መኪና እጥፍ ጥቅም አለው። ትሬንታ ኳትሮን ከጦር ዕቃነት ወደ እህል ጫኝነት፥ ፒክ አፑን ወደ ውይይት፥ አይሱዙውን ወደ ቅጥቅጥ የለወጠው እጅ ለዚህ ለአራተኛው ለውጥ የሚያንስ አይደለም።

ሆኖም ይህ እጅ ሦስት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፥ ከመዶሻ ወደ ቅርጽ ማውጫ የሚያሸጋግረው ትምህርት። ሁለተኛ፥ ለአካል ሥራ የሚሆን ግልጽ ልክና ደረጃ፤ ምን ያህል ሰው በምን ያህል ሻንሲ ላይ፥ በምን ዓይነት ብየዳ፥ በምን ዓይነት ክፈፍ የሚል። ሦስተኛ፥ ሥራውን በስሙ የሚጠራለት ክብር። በሠራው ቅጥቅጥ ላይ ስሙን የሚጽፍ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ የአይሱዙ ስም ግን ከፊት ለፊት ተጽፎ ይሄዳል። ባለሙያው ስሙን በሥራው ላይ እንዲጽፍ ብናደርግ፥ በክብሩም በኃላፊነቱም እንይዘዋለን፤ ስሙን የጻፈ ሰው ብየዳውን አያቻኩልምና።

እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያሟሉት ከሌላ አገር የሚመጡ ሰዎች አይደሉም። የትምህርት መርሐ ግብር የሚያዘጋጀው፥ የደረጃ ደንብ የሚያረቅቀው፥ የምርመራ ቅጽ የሚሞላው፥ የግዥ ጨረታ የሚያወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያም ሠራተኛ በየማለዳው ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ በዚሁ በተቀጠቀጠው መኪና ተሳፍሮ ወደ ወንበሩ የሚመጣ ሰው ነው። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ የሚያሳልፈው ወረቀት ማታ ወደ ቤቱ የሚመልሰውን መኪና የሚነካ ነው። የአጥንቱን ጥንካሬ አስቀድሞ፥ የልብሱን ማማር አስከትሎ ቢያስብ ለአገሩም ለራሱም ይጠቅማል።